ከዋሂል ወዲያ የወሰድነው መጽሔት

የከተማችንን ምክር ቤት መጽሔት የማደል ሥራ የደረሰኝ ሌላ የሚወስደው ስለጠፋ ነው። ከሰነድ ክፍላችን ሠራተኞች ውስጥ ጡት የሚጠባ ልጅ የሌላትም፣ ወገቧን የማያማትም እኔ ብቻ ነበርኩ። አለቃችን ጠርቶኝ «አንቺ ድሬን ታውቂያታለሽ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ከዚራ ተወልጄ እዚያው አድጌአለሁ። ከተማን ማወቅና ለከተማ ወረቀት ማደል ግን ለየቅል መሆናቸውን ያኔ አላውቅም ነበር።

መጽሔት ስል ሥዕልና ጨዋታ ያለበት ነገር እንዳይመስላችሁ። ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ማን ተነሥቶ ምን እንደጠየቀ፣ ማንስ ምን ብሎ እንደመለሰለት ከድምፅ ቅጂ ላይ እየተገለበጠ የሚታተም ወፍራም ጥራዝ ነው። ሽፋኑ ላይ የጉባኤው ፎቶ አለ፤ ከጀርባው «በነፃ የሚታደል» ይላል። የጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ የምገለብጠውም እኔ ነበርኩ። ሰዎቹ ሲያስሉ፣ ወንበር ሲስቡ፣ ለጎረቤታቸው ሲያንሾካሹኩ እሰማለሁ፤ የምጽፈው ግን ንግግሩን ብቻ ነው።

ሾፌራችን እናቱ ሶማሌ፣ አባቱ ኦሮሞ የሆነ፣ መጋላ ያደገ ሰው ነው። አንዱን ወሬ በአማርኛ ይጀምርና በሶማልኛ አሙቆ በኦሮምኛ ይጨርሰዋል። ካርቶኖቹን የሥራ ፒክአፑ ላይ ጭነን ፀሐይዋ ሳትበረታ እንወጣለን። መጀመሪያ ከዚራ ያሉትን መሥሪያ ቤቶች እናዳርሳለን፣ ቀጥሎ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን ወደ መጋላ፣ ከዚያ ሳቢያን። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ መጨረስ አለብን፤ ከዚያ በኋላ ቢሮ ውስጥ ሰው አይገኝም፤ ቢገኝም ልቡ ቤቱ ነው።

ኃላፊዎቹ መጽሔቱን በክብር ነበር የሚቀበሉኝ። ቆመው፣ በሁለት እጃቸው። ከዚያ ቁጭ ብለው ከመጨረሻው ገጽ ወደ ፊት ያገላብጡታል። መጀመሪያ ምን እንደሚፈልጉ አልገባኝም ነበር። አንድ ቀን አንዱ «የኔ ፎቶ የለም እንዴ?» ሲሉኝ ገባኝ። ፎቷቸውን ካገኙ ጸሐፊያቸውን ጠርተው ያሳያሉ። ካላገኙ «እሺ፣ አስቀምጪው» ይላሉ። በሚቀጥለው ስመጣ ያስቀመጥኩት እዚያው አለ፤ አዲሱን በላዩ አኖራለሁ።

ቤተ መጻሕፍቶቹ የተሻሉ ይሆናሉ ብዬ ነበር። ሳቢያን ያለው ሁልጊዜ ጢም ብሎ ይሞላል። ወጣቱ ተኮልኩሎ አንገቱን ደፍቷል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ደግ ሰው ነው፤ ስደሰት አይቶ ሊያሳዝነኝ አልፈለገም፤ ቢሆንም ነገረኝ።

«ለሶኬቱ ነው የሚመጡት» አለ። «እዚህ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ፤ ስልክ ይሞላሉ። የሚያነቡም አሉ፤ የሚያነቡት ግን ለፈተና የሚሆነውን ነው።»

«ይሄንንስ ማንም ጠይቆህ አያውቅም?»

«አንድ ሰው ጠይቆኝ ነበር» አለና ትንሽ አሰበ። «ለካ እሱም ሌላ መጽሔት ነበር የፈለገው።»

እንዲህ ሆኖም ሥራውን አልጠላሁትም ነበር። የጠላሁት በኋላ ነው።

ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ከገጠሩ ከዋሂል ወዲያ ካለች መንደር የተመረጠች ሴት ነበረች። በዕድሜ እኩያዬ ብትሆን ነው። ጉባኤ ሲኖር ሌሊት ተነሥታ፣ በእግርም በጭነት መኪናም ብላ ትመጣለች። አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ረድፍ ትቀመጣለች። አማርኛዋ የሚግባባ ነው፤ ግን በአማርኛ ለመናገር ስታስብ ፊቷ ላይ ይታይባታል። ለረጅም ጊዜ ሳትናገር ቆየች። አንድ ቀን እጇን አወጣች። አፈ ጉባኤው «ክብርት፣ ይቀጥሉ» አሏት።

ተነሣች። ሻሿን አስተካከለች። የመንደራቸው የውሃ ጉድጓድ ፓምፕ እንደተሰበረ፣ ሴቶቹ የደረቀ ወንዝ አሸዋ እየጫሩ ውሃ እንደሚቀዱ፣ ሴት ልጆች ትምህርት ትተው ከአህያ ኋላ እንደሚውሉ ተናገረች። እስከዚህ ድረስ ሌላም ሰው የሚለው ነው። ከዚያ ቆም አለችና እንዲህ አለች፦

«ቢሻን የለም። ውሃ የለም ስላችሁ ትንሽ አለ ማለቴ አይደለም። ‹እጥረት› ትላላችሁ፣ እኔ እጥረት አላልኩም። የለም ነው የምላችሁ።»

አዳራሹ ውስጥ አንዳንዱ ፈገግ አለ። የሚመለከታቸው ኃላፊ ተነሥተው መለሱላት። ጥያቄው ተገቢ ነው አሉ፤ ፓምፑ በመጪው በጀት ዓመት ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ሥራዎች ውስጥ ተይዟል አሉ። ተጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች።

በሻይ ዕረፍት ላይ እኔ ድምፅ ወደምቀዳበት ጠረጴዛ መጣች።

«የተናገርኩት እዚያ ውስጥ ገብቷል?» አለችኝ፣ መቅጃውን በአገጯ እያሳየች።

«ገብቷል።»

«ተጽፎ ይወጣል? እኔ እንዳልኩት?»

«እንዳልሽው። በመጽሔቱ ይወጣል፤ ትንሽ ይቆያል እንጂ።»

ሰው እንዳይሰማት ጠጋ አለችኝ። «የኛ ሰው እኔን አያምንም። ‹ከተማ ገብተሽ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለሽ ትመለሻለሽ፣ አፍሽን አትከፍቺም› ይሉኛል። ባሌ ራሱ ይለኛል። ወረቀት ላይ ካዩ ግን ያምናሉ። ሲወጣ ታመጪልኛለሽ?»

«አመጣልሻለሁ» አልኳት። ያኔ ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

ንግግሯን የገለበጥኩት ከሌላው ሁሉ ተጠንቅቄ ነው። አራሚያችን ግን ቀዩን እስክሪብቶ ይዞ «ቢሻን» የምትለዋን ቃል ሊሰርዛት ፈለገ።

«ውሃ ብላ ደግማዋለች እኮ» አለኝ። «ምን ያደርጋል?»

«ስላለችው ነው» አልኩት።

«ሰው ያለው ሁሉ ከተጻፈ አራሚ ለምን ተቀጠረ?»

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ሰልችቶት ተዋት። እኔ ያን ቀን ትልቅ ነገር ያተረፍኩ መስሎኝ ቤቴ ስገባ ለእህቴ ሳይቀር ነገርኳት።

ከዚያ መጽሔቱ ማተሚያ ቤት ገባ፤ ገብቶም ቀረ። አንዴ ወረቀት የለም ተባለ። አንዴ ጨረታው ይደገም ተባለ። አለቃችን ተቀየረና አዲሱ እስኪለምድ ተጠበቀ። እሷ መንደሯ ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ ከፍ ያለ ቦታ ላይ እየወጣች ትደውልልኛለች። ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይጮኻል።

«ደረሰ?»

«አልደረሰም፤ ማተሚያ ቤት ነው።»

«እሺ፤ ትንሽ ይቆያል ብለሽኛል» ትላለች። አንድም ቀን ተቆጥታኝ አታውቅም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ክረምት አልፎ ክረምት መጥቶ፣ የበጀት ዓመቱ ተዘግቶ፣ መጪው የተባለውም ተጀምሮ አልቆ፣ ሌላው ተጋምሶ ሳለ ካርቶኖቹ መጡ። ገና የቀለሙ ሽታ አልለቀቀውም። የመጀመሪያውን ካርቶን ቀድጄ ገጿን ፈለግኩ። አለች፤ «ቢሻን» የምትለውም ቃል አለች። ፎቶም አለ፤ ከኋላ ረድፍ ሆና ግማሽ ፊቷ ይታያል።

የገጠር ቀበሌዎች ዕደላ አብዛኛውን ጊዜ በነዳጅ ምክንያት ይዘለላል። ሾፌሩን ለመንኩት። እሱ ደግሞ የስምሪት ኃላፊውን ለመነልኝ፤ እንዴት እንዳሳመነው አልነገረኝም። ጠዋት ስመጣ ከካርቶኖቹ ጎን ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ውሃ ተሞልተዋል።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

«አቦ፣ ውሃ የለም ያለች ሴት ቤት ወረቀት ብቻ ተይዞ ይኬዳል እንዴ? ነውር አይደለም?»

አፈርኩ። እኔማ ጀሪካን በሐሳቤም አልመጣልኝም።

ቀኑ ጁምዓ ነበር። ሾፌሩ ሰው ከሶላት ሲወጣ እንድንደርስ አስልቶ ነው የወጣው። ከዋሂል በኋላ መንገዱ ድንጋይና አቧራ ነው። ማሳው ላይ የማሽላ አገዳ ደርቆ ቆሟል። መንደሯ ስንደርስ እሷ ከመንገድ ዳር ቆማ ትጠብቀናለች፤ አዲስ ሻሽ አድርጋለች። ጀሪካኖቹን ስታይ አፏን ያዘች፤ ሴቶቹ መጥተው አወረዱ። ከዚያ መጽሔቱን ሰጠኋት። ገጹን አውጥቼ አሳየኋት። ማንበብ ብዙም አትችልም፤ ፎቶዋን ግን አየች። በጣቷ ነካ አደረገችውና ቶሎ አነሣችው፣ እንዳይቆሽሽባት።

ሰዉ ከግራሩ ሥር ተሰብስቦ ነበር፤ ወንዶቹ ባንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል። የመንደሩ ትምህርት ቤት መምህር፣ ቀጠን ያለ ወጣት፣ እንዲያነብላቸው ተጠራ። በአማርኛ ያነብና በኦሮምኛ ይተረጉማል። እኔም የድሬ ልጅ ስለሆንኩ ኦሮምኛ እሰማለሁ። ስለ ፓምፑ አነበበ፣ ስለ አሸዋው አነበበ፣ ከአህያ ኋላ ስለሚውሉት ልጆች አነበበ። ሰዉ አንገቱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። «ቢሻን» የምትለው ጋ ሲደርስ መተርጎም አላስፈለገውም፤ እንዳለች ጮክ ብሎ አነበባት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ ነው። የራሳቸው ቃል ከከተማ ወረቀት ላይ ታትሞ መጣላቸው። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አድርገው «እውነት ተናግራለች! በደንብ ተናግራለች!» አሉ። ባሏን በአገጯ አሳየችኝ፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። እሷ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ታልቅስ ወይ ትሳቅ አልለየሁም። በሥራ ዘመኔ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ያለኝ ጊዜ የለም።

ከሴቶቹ በኩል መሬት ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እጃቸውን አነሡ።

«መልሱስ?» አሉ። «ምን ብለው መለሱላት?»

መምህሩ ወደ እኔ አየ። ምን ልበለው? ገጹ እዚያው እጁ ላይ ነው። አነበበው። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ በመጪው በጀት ዓመት ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ሥራዎች ውስጥ ተይዟል።

«መጪው ማለት የቱ ነው?» አለ አንድ ሰው ከወንዶቹ በኩል።

መምህሩ ሽፋኑን ገልብጦ የጉባኤውን ቀን አየ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አሰበ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ያለፈው ነው» አላቸው።

ማንም አልጮኸም። ማንም አልተሳደበም። አሮጊቷ መሬቱን እያዩ ተናገሩ፤ የተናገሩት ለእኔም ለእሷም አልነበረም።

«እኛ እኮ ያልነገረቻቸው መስሎን ነበር» አሉ። «አታውቅ ይሆናል፣ ፈርታ ይሆናል፣ ሌላ ጎበዝ መርጠን ቢነግራቸው ይመጣሉ እንል ነበር። ለካ ተነግሯቸዋል።»

ከዚያ እጃቸውን መሬት ላይ ተደግፈው ተነሡ፤ ልብሳቸውን አራግፈው ሄዱ። ሌላውም አንድ ሁለት እያለ ተነሣ። ሽማግሌው ሲያልፉ «ገለቶሚ፣ ልጄ፣ ለፍተሽ መጣሽ» ብለው አመሰገኑኝ። መምህሩ መጽሔቱን አጥፎ መለሰላት።

እስከ መኪናው ሸኘችን። የቀረውን ካርቶን ላውርድልሽ ብላት አልፈለገችም። አንዱ ይበቃል አለች። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ሲጠብቀኝ በመስኮቱ በኩል ያዘችኝ።

«አንቺ ቃልሽን ጠብቀሻል» አለችኝ። «እኔም ተናግሬአለሁ፣ አሁን አምነውኛል። ከእንግዲህ ግን ምን ልበላቸው? ድሮ ‹እናገራለሁ› እላቸው ነበር።»

«አይዞሽ» አልኳት። ይህችን ቃል ስንት ሰው ስንት ቦታ ላይ እንደሚላት አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ከአፌ ስትወጣ ባዶነቷ ተሰማኝ።

በመንገድ ላይ ሾፌሩ ሙዚቃ አልከፈተም። ዋሂልን ካለፍን በኋላ «አቦ፣ እኛ ፖስተኛ ነን» አለ። «ደብዳቤው ክፉ ከሆነ ፖስተኛ ምን ያድርግ?»

«ደብዳቤውን የጻፍኩትም እኔ ነኝ» አልኩት።

«አንቺ የሰማሽውን ነው የጻፍሽው።»

«እሱንማ ነው የምልህ።»



እንዲሁ አልተውኩትም፤ ያንን ልናገር። ወደ አዲሱ አለቃዬ ገብቼ በመጽሔቱ የወጡ መልሶችን የሚከታተል ሰው ቢኖር ጥሩ ነው አልኩት። ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «እህቴ፣ የእኛ ድርሻ ማተምና ማዳረስ ነው» አለኝ። «ሌላውን የሚሠራ ሌላ ነው። በሰው ሥራ ከገባን የራሳችንም ይቀርብናል።» ከዚያ ያን መልስ የሰጡት ኃላፊ ቢሮ ሄድኩ፤ ዕደላ ነው ብዬ። ገጹን ከፍቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው የራሳቸውን ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡት። ከማውቃቸው ኃላፊዎች ሁሉ መጽሔቱን ሲያነቡ ያየኋቸው እሳቸውን ብቻ ነው።

«ጥሩ መልሼአለሁ» አሉ።

«ፓምፑስ ጌታዬ?»

«እሱ አሁን እኛ ጋ አይደለም። ሥራው ወደ ሌላ ዘርፍ ተዛውሯል።» ወደየት እንደተዛወረ ጸሐፊያቸውን ጠየቁ፤ እሷም አላወቀችም። በክፋት አልነበረም። ሻይ ጋበዙኝ።

የዋሂሏ ሴት የምርጫ ዘመኗ እስኪያልቅ ድረስ ከጉባኤ ቀርታ አታውቅም። እጇን የምታወጣው ግን ድምፅ ሲሰጥ ብቻ ነበር። የጆሮ ማዳመጫዬን ሰክቼ የሌሎቹን ድምፅ ስገለብጥ፣ ምናልባት ዛሬ ትናገር ይሆናል እያልኩ እጠብቅ ነበር። አልተናገረችም። በሻይ ዕረፍት ስንገናኝ ስለ ልጆች፣ ስለ ሙቀቱ እናወራለን። መጽሔቱ ወጣ ወይ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። በሚቀጥለው ምርጫ ስሟ አልነበረም።

እኔም ማደሉን ቀጠልኩ። ካርቶን ማንሳት፣ ደረጃ መውጣት፣ ፎቷቸውን ሲፈልጉ ቆሞ መጠበቅ። የሳቢያኑ ሰው አንድ ቀን ደውሎ መደርደሪያው ለኮምፒውተር ስለሚፈለግ የቆዩትን መጽሔቶች መጥተን እንድናነሳ ለመነኝ። እያፈረ ነው የነገረኝ። ከሾፌሩ ጋር ሄደን ጫንናቸው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ያልፈለገውን ማን ይፈልጋል፣ ወደ መጋዘናችን መለስናቸው። ሲወርዱ አብዛኞቹ ገጾቻቸው እንደተጣበቁ ነበሩ። ብዙ ሳይቆይ ማተሙም ቀረ። አሁን ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ሾፌሩ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። እኔ አሁንም እገለብጣለሁ።

ባለፈው የዋሂሏን ሴት አሸዋ ገበያ ውስጥ አገኘኋት። ያወቀችኝ እሷ ናት፤ ከኋላዬ ትከሻዬን ነካችኝ። ከስታለች፤ ሳቋ ግን ያው ነው። ተቃቅፈን ተሳሳምን። ከከተማው ዳር፣ መልካ ጀብዱ እንደገቡ ነገረችኝ፤ እሷ፣ ባሏና ልጆቿ። ባሏ ለሰው ማሳ በቀን ሥራ ያርሳል፤ እሷ ሽንኩርትና ቲማቲም ትነግዳለች።

«መንደሩስ?» አልኳት።

«ሰው ወጥቷል። የቀሩት ሽማግሌዎች ናቸው። መምህሩም ሁርሶ ተመድቧል፤ ልጅ የለም፣ ማንን ያስተምር?» ድምፅዋ ውስጥ ምሬት አልነበረም። የአየሩን ሁኔታ የምትነግረኝ ነበር የሚመስለው። ስለ አሮጊቷ ልጠይቃት ፈልጌ ተውኩት።

«አንቺስ፣ አሁንም ያንን ትጽፊያለሽ?» አለችኝ።

«እጽፋለሁ።»

«ጥሩ ነው» አለች። «ሥራ ነው።»

የሽንኩርት ከረጢቷን ላነሳላት ስል አልከበደኝም ብላ ራሷ አነሣችው። ባጃጅ ጠርታ በዋጋ ከባጃጁ ሾፌር ጋር በኦሮምኛ ተጨቃጨቀች፤ ጮክ ብላ፣ በቀልድ፣ ሰው ዞር ብሎ እስኪያያት ድረስ። ረታችውና ገባች። በእጇ ሰላምታ ሰጠችኝና ባጃጁ ወደ መልካ ጀብዱ መንገድ ታጠፈ።

ከሰዓት በኋላ ጉባኤ ስለነበር ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አዳራሹ ገና ባዶ ነበር። በየወንበሩ ፊት ያሉትን ማይክሮፎኖች እንደ ደንቡ አንድ በአንድ እየከፈትኩ ሞከርኳቸው። ሁሉም ይሠራሉ።